የተጣበቁትን የመለየት ሥራ

«እትዬ ሀዋ፣ አጣበብኩዎት እንዴ? ይበሉ ጠጋ ይበሉ፤ እግርዎን ዘርጋ ያድርጉት። ምሳው መቼም… የሐያ እጅ ይባረክ! ሳምቡሳውን ስንት እንደበላሁ አይጠይቁኝ። ዝናቡም አላባራ አለ፤ ትራፊኩም በቅዳሜ ምድር እንዲህ ሆነ። ከኦበርን እኔ ቤት ካፒቶል ሂል እኮ ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ስንቅ ያስይዛል። ደግነቱ የኋላ ወንበር ይመቻል። የፊቱ ለታላቅ ነው፤ ደንብ ነው፣ አይደል? እኔማ ለምጄዋለሁ። መንገዱ ባይታየኝም የሹፌሩ ማጅራት ጥሩ አድርጎ ይታየኛል…»

እትዬ ሀዋ ሳቅ አሉ። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ዙሀራም ፈገግ አሉ። ልጅቷ ጨዋታ ታውቃለች። ሹፌሩ አንድ ልጃቸው ሰፍዋን ነው፤ ከኋላ የምታወራው ናኢማ ደግሞ እጮኛው። እትዬ ሀዋ የእነ ወይዘሮ ዙሀራ ጎረቤትና የሁሉም ወዳጅ ናቸው፤ ወሬ የተባለ ነገር አይጠግቡም።

ወይዘሮ ዙሀራ ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቶባቸው፣ ደሴ ላይ ጨርቅ እየሸጡ ነው ሰፍዋንን ያሳደጉት። ልጁ ሲያትል መጥቶ ተምሮ ሥራ ሲይዝ፣ «ለክረምቱ ብቻ ልይህ» ብለው መጡ። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላው ክረምት መጣ። ማውንትሌክ ቴራስ ባለችው አፓርታማ ያለው አንድ መኝታ ክፍል ነው፤ እሱን ለእናቱ ለቀቀና ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ዛሬ ኦበርን፣ ወዳጃቸው ሐያ ቤት ምሳ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሰርጉ ሲጠይቅ፣ የመለሱት ወይዘሮ ዙሀራ ናቸው። ከረመዳን በኋላ የተባለው ሰርግ ለሌላ ዓመት ቢቆይ ምን አለበት፣ ልጆቹ እንደሆኑ የትም አይሄዱ፣ ሲጋቡም እዚያችው ቤት አንድ ላይ እንኖራለን አሉ። ሰፍዋን ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ናኢማ ሌላ ሳምቡሳ አነሳች። ወይዘሮ ዙሀራ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሏቸው ነበር።

«ቅድም ምን እንደምንሠራ ሲጠይቁኝ፣ እትዬ ሀዋ፣ ሰው በዝቶ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ሶ… አሁን ጊዜ አለን፤ መኪናውም አይሄድ። እኔና ሰፍዋን ሥራችን መለየት ነው። አዎ፣ መለየት! ቃዲ አይደለንም፣ ሽማግሌም አይደለንም፤ ብቻ የተጣበቀ እንለያለን። ሰው የተሠራባት ቅንጣት አለች አይደል፣ ሴል የምትባለው? በዓይን አትታይም። ከበሽተኛው ላይ ቁራጭ ሥጋ ይወሰድና ትልቅ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ይገባል። ማይክሮስኮፑ እንደ ዳቦ ይቆራርሰዋል፤ ግን በቢላ ሳይሆን በብርሃን። ከላይ አንድ ፎቶ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ ፎቶ፣ አሁንም ዝቅ ብሎ… ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ይደራርባቸውና ቁራጯ ሙሉ ሆና ትቆማለች። ስፋት ብቻ አይደለም፣ ጥልቀትም አላት። ሐኪሞቹ እንግዲህ ‹ስንት ሴል አለ? የቱ ነው ያለ ልኩ ያበጠው?› ይላሉ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ችግሩ ምን መሰለዎት… ይጣበቃሉ። ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ይገጥሙና ኮምፒውተሩ ምስኪን ‹አንድ› ብሎ ይቆጥራቸዋል። ምን ያድርግ! ስንቱን ሁለት ሰው አንድ ነው ብለን የምንቆጥር እኛስ አለን አይደል…»

ወይዘሮ ዙሀራ ጆሯቸውን አቀኑ። ልጃቸው ስለ ሥራው በጠየቁት ቁጥር «ፎቶ ነው፣ እማ» ብሎ ያልፋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር መሆኑን ሲሰሙ ደረታቸው ሞላ። እንኳንም ናኢማ ነገረችን አሉ በልባቸው።

«የአንዳንዷ ሴል ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። ሴል ሲራባ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ ልጅ ወጣ ማለት ነው። ወጉ ነው፤ ይወጣል፣ ራሱን ችሎ ይኖራል። አንዳንዷ ግን… እንዴት ያለች አዛኝ መሰለችዎት! ልጁ ወጥቶ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ጢም ማብቀል ነው የቀረው፤ እሷ ግን ክሯን አትለቅም። ይበርደዋል ብላ ነው መሰል። ወላሂ አንጀቴን ትበላዋለች! ይሄ ፍቅር ካልተባለ ምን ፍቅር ይባላል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እሷ እኮ ማበርም አላስፈለጋት። በአንድ ክር፣ ብቻዋን፣ ሙሽራ… ውይ፣ ሴል ማለቴ ነው! ሴል ታስራለች።»

እትዬ ሀዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወይዘሮ ዙሀራ ለዚያች ሴል «ውይ፣ የእናት ነገር» ብለው ከንፈራቸውን ሊመጡ ነበር። «ሙሽራ» የምትለዋ ቃል ግን እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሯቸው ላይ ቆመች። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። የሰፍዋን ጆሮ ከጫፉ ቀልቷል፤ መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው።

«እንዴት ነው የምትለዩት አሉኝ? ጎሽ፣ ይጠይቁ! በመላጥ ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ዙሪያቸውን አንድ ስስ ልጣጭ ይልጣቸዋል፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ልክ እንደ ሽንኩርት። ይልጥና ያያል። ደግሞ ይልጣል። የተያያዙባት አንገት ቀጭን ስለሆነች ቀድማ የምትበጠሰው እሷ ናት። በቃ፣ ሁለት ሆኑ! ከስተዋል፣ ግን ሁለት ሆኑ። ከዚያ የተላጠውን መልሰን እናለብሳቸዋለን፤ እያንዳንዳቸው እስከ ድሮ ልካቸው ያድጋሉ። እንደገና ሊገጥሙ ሲሉ ብቻ መሐላቸው አንዲት ቀጭን መስመር ትቀራለች፤ እስከዚህ ያንቺ፣ ከዚህ ወዲያ የሱ። ግንብ አይደለችም፣ እትዬ ሀዋ፤ ክር ናት። ጎረቤትነቱ አይቀር፣ ጉንጫቸው አይራራቅ፣ ማንም አይሞት… እኔ ያቺን መስመር ሳይ ደስ ይለኛል። የማትወዳትም አለች፤ አልፈርድባትም። መላጥ ያማል።

ጣጣው የሚመጣው አንገቷ ስትሰፋ ነው። ትልቋ ሙሉ ጎኗን አስደግፋ ትንሹን እቅፍ አድርጋ የያዘችው እንደሆነ… ቢልጧት ቢልጧት አንገቷ አትበጠስም! ሲልጡ ውለው ሲያዩ ያለቀው ማን ነው? ትንሹ! የለም፤ ጠፋ። ትልቋ ደህና ናት፤ ኪሎ እንኳ አልቀነሰች። ‹ልጄ የት ገባብኝ?› እያለች ግን ትጨነቃለች። አይ አንጀት! ሌላም አለ፤ ከላይኛው ፎቶ ሲያዩዋቸው የተለያዩ ይመስላሉ። አንዱ እዚህ፣ አንዷ እዚያ። በሩ ላይ የራሱ ስም ተጽፏል እንበል… ግን ወደ ታች ፎቶ በፎቶ ሲወርዱ፣ ከሥር ተያይዘው ቁጭ! ለዚህ ነው ጥልቀቱን ሳያዩ ‹ይሄ ራሱን ችሏል› አይባልም የምለው።»

አሁን ወይዘሮ ዙሀራ በደንብ ገብቷቸዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ግን ምን ይበሉ? ልጅቷ ስማቸውን አልጠራች፣ ፊቷን አላጠቆረች። ‹እኔን ነው የምትዪው?› ቢሏት፣ ‹ስለ ሴል እኮ ነው፣ እትዬ› ትላለች፤ ያን ጊዜ ሴሏ እሳቸው መሆናቸውን በገዛ አፋቸው መሰከሩ ማለት ነው። ራዲዮኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱና የቱን እንደሚጫኑ ስላላወቁ መለሱት።

እትዬ ሀዋም ነገሩ ገብቷቸዋል። ለማብረድ ብለው፣ ሁሉም በትዕግሥት ነው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሏት።

«እውነትዎን ነው፣ ይሄዳል! ግን እኮ፣ እትዬ ሀዋ፣ ከላዩ የተኛችው ዶሮ ካልተነሳች በየት በኩል ይሂድ? ዶሮዋን አልወቅስም። እንዴት ያለ ሙቀት ነው የምትሰጠው! ሌት የለ፣ ቀን የለ… ቀቀለችው እንጂ።»

እትዬ ሀዋ መቻል አቃታቸው፤ ሳቃቸው አፈትልኮ ወጣ። ሰፍዋን ጉሮሮውን ጠረገ። ናኢማ ግን ገና ወገቧን ማፍታታቷ ነበር።

«መፍትሔ አላገኛችሁለትም ወይ አይሉኝም? አግኝተናል፣ አልሐምዱሊላህ። መላጡን ትተን ልባቸውን ፈለግን። እያንዳንዷን ነጥብ ‹ከዳርሽ ምን ያህል ገባ ብለሻል?› ብለን እንጠይቃታለን። ከዳሩ ከሁሉ የራቀችው፣ መሐል የተደበቀችው፣ እሷ ልብ ናት። ከዚያ ከየልቡ ውኃ እንለቅቃለን። ይሞላል፣ ይሞላል… የአንዱ ውኃ ከሌላው ሊገናኝ ሲል እዚያ ላይ ግድብ። ሁለት ልብ ካለ፣ አንገቱ የፈለገውን ያህል ይስፋ፣ ሁለት ናቸው። ይሄን ያገኘው አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልዎታል… ጎበዝ ነው። አምና፣ በፈረንጅ ዘጠና አምስት፣ በተገዛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስንቱን የባዕድ ሴል ለየ መሰለዎት! የሰው ሲሆን እጁ አይንቀጠቀጥም። አንዲት የቤቱ ሴል ላይ ሲደርስ ብቻ… ልብ ፍለጋ ገባን። የትልቋ ተገኘ፤ ይመታል፣ ያዛል፣ ማሻአላህ። የትንሹን ፈለግን፣ ፈለግን… እንጃ፣ እትዬ ሀዋ። እኔ አሁንም አለው ባይ ነኝ። ዓይኔ ነው መሰል የደከመው።»

የዝናብ መጥረጊያው እየተመላለሰ ይንጫጫል። ሰፍዋን ከኋላ ያለችውን በመስታወት አያት፤ ናኢማ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ዕለት እኮ ሐኪሞች መጡልን። ትልልቅ ሰዎች! ይሄ አብሮኝ የሚሠራው ፕሬዘንት ሊያደርግ ክራቫቱን አስሮ ቆመ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ስልክ ተደወለ። ቤት ውስጥ ወፍ ገብታ ትጮሃለች ተባለ። ጢው… ጢው… ከጠዋት ጀምሮ። እንግዲህ ወፍ ስትጮህ ዝም ይባላል? ‹ይቅርታ፣ ኢመርጀንሲ ነው› አላቸውና በረረ። ወላሂ ከወፏ በላይ እሱ ነው የበረረው! ለካስ ወፏ ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው የጭስ አላርም ኖራለች፤ ባትሪዋ አልቆ። ባትሪ አጎረሳትና ዝም አለች። እኔ ታዲያ ፎቶዎቹን አሳየሁ፣ ጥያቄውን መለስኩ። አንደኛው ሐኪም አንድ ትልቅ ነገር አየና ‹ይሄስ አንድ ነው ሁለት?› አለኝ። ‹ሥራ ላይ ነን› አልኩት። ምን ልበለው? እና ይሄን ሰው ልውቀሰው፣ እትዬ ሀዋ? እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል? ሐኪም አስቀምጦ ወፍ የሚያባርር! ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ… ከሚስት የቀደመስ? እሱን ያልጠቀሱት አክብረው ነው መሰለኝ።»

ወይዘሮ ዙሀራ ያን ሐሙስ ዓይናቸው ላይ መጣ። ወፍ ነው ያሉት በእውነት ወፍ መስሏቸው ነው። ግን ደግሞ ከወፏ በፊት፣ ከነጋ ጀምሮ፣ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበር። ልጃቸው ወንበር ላይ ቆሞ ባትሪ ሲቀይር ከታች እግሩን ይዘውለታል፤ ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ሲወጣባቸው እንዲሁ ይይዙት ነበር። የቀረውን ወጥ አሙቀው በእጃቸው አጉርሰውት ነው የተመለሰው። ክራቫት ማሰሩን አይተዋል። ለምን እንዳሰረ አልጠየቁትም። አሁን ያ አለመጠየቅ ከአሽሙሩ በላይ ወጋቸው።

«ደግነቱ ሐኪሞቹ ወደዱት። ሳንዲዬጎ ያለ ሌላ የምርምር ቤት ሰምቶ ‹ኑና ለአንድ ዓመት እኛ ጋ ሥሩ› አለን። ሁለት ሰው ነው የጠሩት። አብሮኝ የሚሠራው ‹እስቲ ላማክር› አለ። መማከር ደግ ነው፤ እኔም ጠበቅኩ። አማክሮ መጥቶ ስለ ጉልበት በሽታ አወራኝ። የሱ ጉልበት ደግሞ ደህና ነበር፤ እንጃ። ሶ… ትናንት ሳንዲዬጎ ኮል አደረግኩና እመጣለሁ አልኳቸው። ሰኞ ሳምንት እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ውይ፣ ሳልነግርዎት ነው እንዴ እስካሁን? ፀሐይ አለ ይላሉ፤ ዝናብ የለም። እጮኛ አለኝ በሰማይ ብዬ እዚህ ወተቱን ከምጠብቅ፣ እዚያ ሄጄ ሴሌን ልቁጠር…»

ሰፍዋን ወደ ካፒቶል ሂል የሚወስደውን ኤግዚት፣ መታጠፊያውን፣ አለፈው። እትዬ ሀዋ «አለፍከው፣ ልጄ» ሲሉት እንኳ አልሰማም፤ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ የሚገባው እጁ መሪውን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ ነጎደ።

«አይቆጡት፣ እትዬ ሀዋ። ኤግዚት ያለፈው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ዞሮ ነው እንጂ። አንዳንዱ ነው ሳይታጠፍ ካናዳ የሚገባው። አብሽሩ፣ እኔ አልቸኩልም።»

ወይዘሮ ዙሀራ ሳንዲዬጎ የሚባለውን ስም ሰምተውታል። አንድ ማታ እራት ላይ ሰፍዋን እንደ ቀልድ ጣል አድርጎት ነበር። እሳቸውም እንደ ቀልድ፣ «ታዲያ ሐኪም ቤት ማን ሊወስደኝ ነው?» ብለው ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ልጁ ሁለተኛ አላነሳውም። ያን ጊዜ ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን የልጃቸውን ፊት ከጎን ሲያዩት፣ በአንድ ቀን ልጣጩ የተነሳ ሰው መሰላቸው።

ዞሮ ዞሮ መጣ። ናኢማ የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ፓርክ አደረገ። ወርዶ በሯን ከፈተላት፤ ጃንጥላም ዘረጋላት። ሁለቱ ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

ወይዘሮ ዙሀራ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹ሂድ ከእሷ ጋር፤ ግባና ተነጋገሩ፤ እኛ እንጠብቅሃለን› ሊሉት ነው። ልባቸው ይህን ብሏል፤ ቃሉም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። የሰላሳ ዓመት ልማድ ግን ቀደማቸውና፣ ጃኬትህን ዝጋ፣ ብርድ ይመታሃል ብለው አረፉት።

ሰፍዋን የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።

ናኢማ አየችው። ከዚያ ጃንጥላውን እጁ ላይ ትታለት፣ ወደ ፊተኛው መስኮት መጥታ ጎንበስ አለች። ፊቷ በዝናብ ረጥቧል፤ ፈገግታዋ ግን ቅንጣት አልጎደለም። የወይዘሮ ዙሀራን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችው።

«እትዬ ዙሀራ፣ በወሬ አደከምኩዎት፤ አውፍ ይበሉኝ። ሳልመርቅዎት አልሄድም። አላህ ጤናዎን ይስጥዎት።»

ወይዘሮ ዙሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ምርቃት መሬት ሲወድቅ አያዩም። መዳፋቸው በራሱ ተዘረጋ፤ «አሚን» አሉ። ከኋላ እትዬ ሀዋም ተቀበሉ።

«ዕድሜዎን እንደ ኑሕ ያርዝመው። ጉልበትዎን ይማርልዎት።»

አሚን፣ አሚን። ሰፍዋንም አጠገቧ ቆሞ አብሮ አለ።

«ሌላው ሰው የልጅ ልጅ ያሳይዎት እያለ ይመርቅዎታል፣ ምን ሊያደክምዎት… እኔ ግን ልብዎን አውቃለሁ። ልጅዎን፣ እትዬ፣ ልጅ እንደሆነ ያኑርልዎት።»